ከግድግዳው ወዲህ የታየ ፊልም

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ መርፌ» ይላታል። ስሙ የወጣላት ልብስ ሰፊ በመሆኗ ብቻ አይደለም፤ በቅጥነቷም ነው፣ ነካ ካደረጓትም በምላሷ ነው። የምትሠራው ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ በተለጠፈች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። ክፍሏ እንደማንኛውም ክፍል አራት ግድግዳ አላት፤ አራተኛው ግን የጋራ ነው። በወዲያኛው ፊቱ የሲኒማው ሸራ ተወጥሮበታል፣ በወዲህኛው ፊቱ የእትዬ መርፌ ክሮች በየቀለማቸው ምስማር ላይ ተንጠልጥለዋል። ከሷ በፊት ክፍሏን ተከራይቶ የነበረው ሰዓት ጠጋኝ፣ በዚህ ሁሉ ጩኸት ውስጥ የሰዓት ድምፅ ማዳመጥ አልቻልኩም ብሎ ነው ጥሎ የሄደው። እሷ ግን ባሏን ቀብራ፣ ገና ያልተራመደች ሴት ልጅ ታቅፋ የመጣች ስለነበረች፣ ክፍል አማርጣ የምትከራይበት አቅም አልነበራትም።

ግድግዳው ወፍራም ነው። የተዋንያኑን ንግግር አያሳልፍም፤ ቢበዛ ጉርምርምታ ነው የሚደርሳት። ሙዚቃው ግን አንድም ሳይጎድል ያልፋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህ ነገር ሥራዋን አበላሸባት። ከግድግዳው ወዲያ ማሳደድ ሲጀመር፣ ከበሮና መለከቱ ሲጣደፍ፣ እግሯ ሳታዘው የስፌት መኪናውን መርገጫ አብሮ ያጣድፈዋል። አንድ መምህር ሱሪውን ሊወስድ መጥቶ አንደኛው እግር ደህና ሆኖ ሌላኛው ተጨማዶ አገኘው። እሱ ምን ያውቃል፤ አንዱ እግር በፍቅር ሙዚቃ፣ ሌላው በማሳደድ የተሰፋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራዋን በፊልሙ ልክ ቀየሰችው። ማሳደድ ሲሆን መጋረጃና አንሶላ ታወጣለች፤ ቀጥ ያለ ስፌት ነውና ቢሮጡበትም አይከፋም። ቫዮሊን ብቻውን ሲቀር የቁልፍ ቀዳዳ ትሠራለች። የሚያስፈራ ሙዚቃ ከመጣ ግን መቀስ የሚባል ነገር በእጇ አትነካም፤ የሰው ሐር በድንጋጤ ቆርጣ አንድ ሳምንት እንቅልፍ ያጣችበትን ጊዜ አትረሳውም።

ሲኒማው ውስጥ ግን አንድ ቀን እንኳ ገብታ አታውቅም። ፊልም የሚታይበት ሰዓት ሥራዋ የሚደራበት ሰዓት ነው፣ ልጅም አለች። ሰው ይህንን እንዳያውቅ ያደረገው ስፒል ነው። አንድ ቀን የአንዲት ደንበኛዋን ቀሚስ ገላዋ ላይ እያስተካከለች፣ አፏ ስፒል እንደሞላ፣ ሴትየዋ የዚህን ሳምንት ፊልም አይታው እንደሆነ ጠየቀቻት። አፏ ባዶ ቢሆን ኖሮ «ከየት አባቴ ጊዜ አምጥቼ» ትል ነበር። ስፒል ይዞ እንዲህ ያለ ነገር አይባልም፤ ከጣጣው ለመገላገል ያህል ራሷን ነቀነቀች። ስፒሎቹን ሰክታ ስትጨርስ ሴትየዋ ወንበር ስባ «እስቲ ንገሪኝ» እያለች ነው።

ምን ታድርግ፣ ነገረቻት። ደግሞም የምትነግረው አላጣችም። ዋሽንት ሲሆን ጠዋት ነው፣ ሰው ከእንቅልፉ እየተነሣ ነው። ከታች የሚያጉረመርመው ወፍራም ድምፅ ሌባ ነው። የሚሳቅበትንም ቦታ ታውቀዋለች፣ ሳቅ ግድግዳ ያልፋል። በነዚህ መሐል ያለውን ክፍት ቦታ እንደ ልብስ በልክ እየቆረጠች ሞላችው። ሴትየዋ ረክታ ሄደች፤ በማግስቱ እህቷን ይዛ መጣች።

እንዲህ ተጀምሮ ነው ዓመታት የዘለቀው። ደንበኞቿ እንደሷው ለሲኒማ ጊዜ የሌላቸው ሴቶች ስለነበሩ የሚያጋልጣት አልተገኘም፤ ጊዜና ገንዘብ ያላቸው ከሱቅ የተሰፋ ልብስ ነው የሚገዙት። ኋላ ኋላ ገብታ ለማየት የምትችልበት ቀን ሲመጣም ፈራች። አንዱን ፊልም ካየች ሌሎቹን መናገር የሚያቅታት መሰላት።

ከአድማጮቿ ሁሉ የበለጠች ልጇ ነበረች። ከቁርጥራጭ ጨርቅ መሐል ስላደገች «ቁራጭ» ብላ ነው የምትጠራት፣ ስትቆላምጣት ደግሞ «ቁራጬ»። ቁራጭ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ፣ ሙዚቃው በተለወጠ ቁጥር አንገቷን ብቅ እያደረገች «አሁን ምን ሆኑ?» ትላለች። እናት አንዴም «እኔ እንጃ» ብላት አታውቅም።

ቁራጭ ስድስት ዓመት ሲሆናት ኩፍኝ ያዛት። ቤት የሚጠብቃት ሰው ስላልነበረ እናቷ ስፌት ክፍሏ ወስዳ፣ የጨርቅ ጥቅል አንጥፋ፣ መስኮቱን በጥቁር ገበር ጋርዳ አስተኛቻት። ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ልጅቱ ምግብ እምቢ፣ መድኃኒት እምቢ አለች። እትዬ መርፌ በነዚያ ቀናት ልጄን ላጣት ነው ብላ አስባ ነበር፤ ለማንም ሳትናገር አስባዋለች።

በዚያ ሰሞን ሲኒማው አንድ በጣም የተወደደ ፊልም ያሳይ ነበር፣ ለሳምንታት አልወረደም። ከሰዓት በኋላ፣ ፊልሙ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ፣ አንድ ዜማ ይመጣል። መጀመሪያ ቫዮሊን ብቻውን ይነሣል፤ ቀስ ብለው ሌሎቹ ይከተሉታል፤ በመጨረሻ ደወል ይደወላል። ያን ጊዜ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሕዝብ በሙሉ ጸጥ ይላል። የሚስቅ የለም፣ የሚያወራ የለም።

«አሁን ምን ሆኑ?» አለች ልጅቱ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ሠርግ ነው ቁራጬ። ሙሽራዋ ከቤት እየወጣች ነው። ከማማሯ የተነሣ ሰው ሁሉ የሚናገረው ጠፍቶታል።»

«ምን ለብሳለች?»

ይህ እንግዲህ ለልብስ ሰፊ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ቀን አንገቱን ነገረቻት። በማግስቱ ያው ዜማ ሲመጣ እጅጌውን፣ ከክርኑ በላይ ሰፋ ብሎ ከታች የሚጠበውን። ቀጥሎ በጀርባው የተደረደሩትን፣ በጨርቅ የተለበጡትን ትንንሽ ቁልፎች። ቁራጭ የቀረውን ለመስማት ስትል መድኃኒቷን መዋጥ ጀመረች። ዜማው ካልመጣ አልውጥም ትላለች፣ ሲመጣ ፊቷን አጨማዳ ትውጠዋለች። እትዬ መርፌ የቀሚሱ ጫፍ ላይ ስትደርስ ትኩሳቱ ለቀቃት። የዚያን ዕለት ልጅቱ «እኔም ሳገባ ይሄ ይዘፈንልኝ» አለች፣ እናቷም ይሁን አለቻት።

ለዚያ ዜማ ያላት ምስጋና ወሰን አልነበረውም። ሐኪሙን አመስግናለች፤ ዜማውን ግን የት ሄዳ ታመስግነው? ቢቸግራት የሲኒማውን የተቀዳደደ የመግቢያ መጋረጃ በራሷ እጅ አውርዳ፣ አጥባ፣ ደራርታ መለሰችው። ትኬት ቆራጩ፣ «ሴትየዋ ምን ነካት» ብሎ ለስንት ጊዜ ሲገረም ኖረ።

ያልጠረጠረችው አንድ ነገር ነበር። ሳቅ ግድግዳ ያልፋል፤ እንባ አያልፍም።

ቁራጭ አድጋ ፖስታ ቤት ሥራ ያዘች፣ እዚያው አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሽቦ ሊጠግን መጥቶ እሷንም ይዞ ሄደ ማለት ይቻላል። ልጁ ጨዋ ነው። ያሳደጉት እናቱ ብቻቸውን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ነርስ ስለሆኑ ሁሉም ሰው «ሲስተር» ይላቸዋል። አንሶላ እንደ ሆስፒታል አጥፈው የሚያነጥፉ፣ ያልተጣጠፈ ነገር የማይወዱ ሴት ናቸው። ሙሽሮቹ የሚኖሩት ከሳቸው ጋር፣ በሳቸው ቤት ነው። እትዬ መርፌ ስለዚህ ምላሷን ሰብስባ፣ ለሠርጉ የሰፋችላቸውን ቀሚስ እጅጌ ሦስቴ ፈትታ ሦስቴ ስትመልስ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ልጇ በሰው ቤት ፊት ሳይነሷት እንድትኖር ነበር የፈለገችው።

የሙሽራዋን ቀሚስ የሰፋችው ያኔ ልጅቱ ስትታመም በነገረቻት ልክ ነው፤ አንገቱም፣ እጅጌውም፣ የጀርባው ቁልፎችም። በሠርጉ ለሚጫወተው አኮርዲዮን ተጫዋች ደግሞ ዜማውን አንጎራጎረችለት። ወጣት ልጅ ነው፣ ፊልሙ ሲታይ አልተወለደም። ቆንጆ ዜማ ነው፣ ከየት ነው ሲላት ከፊልም ነው፣ ሙሽራዋ የምትወጣበት ነው አለችው። በሁለት ቀን አጠናው።

የሠርጉ ቀን አዳራሹ ሞላ። በሩ ተከፈተ፣ ቁራጭ በነጭ ቀሚሷ ብቅ አለች፣ አኮርዲዮኑ ጀመረ። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። በዕድሜ የገፉት ግን ሊያጨበጭቡ ያነሡትን እጅ አየር ላይ አቆዩት። ከወደ ኋላ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዲት ሴትዮ ቦርሳዋን ከፍታ መሐረብ ትፈልግ ጀመር። እትዬ መርፌ ይህንን ስታይ ልቧ ቅቤ ጠጣ፤ ከልጇ ማማር የተነሣ ሰው የሚናገረው ጠፍቶት ነው የመሰላት።

ሲስተር ከፊት መስመር ተነሡ። ቦርሳቸውን ያዙ፣ ቀሚሳቸውን አስተካከሉ፣ ግድግዳውን ተከትለው ወደ ውጭ ወጡ። ሙሽራው እናቱ ሲወጡ አይቶ ፊቱ ተለዋወጠ። ቁራጭም አየች።

እትዬ መርፌ አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው ሲስተር ምን ሆኑ ብላ ጠየቀች። ያ ሰው የዱሮው ትኬት ቆራጭ ነው፣ አሁን ጡረታ ወጥቷል።

«ምን ይሁኑ?» አለ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ። «የሙሽራው እናት የምትቀበርበትን ሙዚቃ አስመትተሽ፣ ምን ይሁኑልሽ?»

ትኬት ቆራጩ ፊልሙን አንድ በአንድ ነገራት። ልጁ እናቱን ጥሎ ሚስት ሊያገባ ሩቅ ከተማ ይሄዳል። እናት በናፍቆት ትሞታለች። ቫዮሊኑ ሳጥኑ ከቤት ሲወጣ ነው፣ ደወሉ የቀብር ደወል ነው፣ ልጁ የደረሰው አፈር ከለበሰች በኋላ ነው። ከተማው ውስጥ ያላለቀሰበት የለም። እትዬ መርፌም ሲያለቅሱ ግን አንድም ቀን አልሰማሁም አለችው። ሰውየው ግራ ተጋብቶ አያት፤ እንባ ድምፅ አለው እንዴ አላት።

አንድ መላ ወዲያው መጣላት፣ ጣጣውን ሁሉ አኮርዲዮን ተጫዋቹ ላይ መደፍደፍ። ልጅ ነው፣ አያውቅም፣ ተሳስቶ ነው ማለት ይቻላል። ግን ልጁ ቢጠየቅ እሷው እንዳስጠናችው ይናገራል። እሷ ደግሞ ፊልም በቃሏ የምታውቅ ሴት እንደሆነች ሰፈር ይመሰክራል፣ ሲስተር ራሳቸው ሰምተዋል። አውቃ አድርጋዋለች ከማለት በቀር ምን ይላሉ? የሚያድናት እውነቱ ብቻ ነው። እውነቱን ከተናገረች ግን ዛሬውኑ ቁራጭ ጆሮ መድረሱ አይቀርም። ልጇን ያሳደገችበት ያ ሁሉ ፊልም ውሸት ሊሆን ነው። እትዬ መርፌ ተነሥታ ወጣች።

ሲስተር የአዳራሹ ደረጃ ላይ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አላዩዋትም።

«በእግሬ ቆሜ እያለሁ ቀበርሽኝ» አሉ። «ልጄን ሰጥቼሽ፣ ቤቴን ከፍቼልሽ።»

«ሲስተር፣ እኔ ፊልም አይቼ አላውቅም።»

«የትኛውን?»

«አንዱንም።»

ሲስተር ቢያንስ በልጅሽ ሠርግ ቀን ባትዋሺ ምን ነበረበት አሏት። እትዬ መርፌ ከሳቸው ዝቅ ብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ከስፒሉ ጀምራ ነገረቻቸው። ግድግዳውን፣ ጉርምርምታውን፣ የመምህሩን ሱሪ ነገረቻቸው። ሲስተር ግን ነርስ ናቸው፤ ታመምኩ ያለ ሁሉ ታሟል ብለው አያምኑም። እስቲ የዚያን ፊልም ታሪክ አንቺ እንደምታውቂው ንገሪኝ አሏት።

ነገረቻቸው። ሙሽራው ከሩቅ በፈረስ ይመጣል አለች።

«የምን ፈረስ?»

«ከቫዮሊኑ በፊት የሚጣደፈው ከበሮ አለ አይደለም? እሱ።»

«ባቡር ነው እኮ።»

«ባቡር ነው?» አለች እትዬ መርፌ ከልቧ ተገርማ። ሲስተር ፊቷን አዩት። እንዲህ ያለ መገረም በውሸት እንደማይመጣ ገባቸው፣ ከንፈራቸውን ጨምቀው ሳቃቸውን ያዙት። ከዚያ ቫዮሊኑ ሲመጣስ አሏት። እትዬ መርፌ የልጇን ኩፍኝ፣ መድኃኒቱን፣ በየቀኑ አንድ አንድ እየተጨመረበት የተሰፋውን ቀሚስ ነገረቻቸው። አንገቱን፣ እጅጌውን፣ ቁልፎቹን ስትዘረዝር ሲስተር ቀስ ብለው ወደ አዳራሹ በር ዞር አሉ። ያንን ቀሚስ አሁን ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሲገባ አይተውታል።

«ትኩሳቷ ስንት ደርሶ ነበር?» አሉ፤ ድምፃቸው ተለውጧል።

«አርባን አልፎ ነበር።»

 እኔ ያንን ፊልም ሁለቴ አይቼዋለሁ አሉ ሲስተር፤ ሁለቴም የወጣሁት ተናድጄ ነው፣ ያቺ እናት ባትሞት ፊልሙ ምን ይጎድልበት ነበር እያልኩ።

«አንቺ ዘንድ እናትየዋ የት ናት?» ብለው ጠየቁ።

«እናት እንዳለችም አላውቅም ነበር ሲስተር። ከፈቀዱ ግን አሁን አስገባታለሁ። ከፊት መስመር ትቀመጣለች። ስለ እጅጌዋ እያማረረች።»

ሲስተር በዚህ ጊዜ ሳቃቸው አመለጣቸው፣ ቦርሳቸው ከጭናቸው ወደቀ። ሳቁ እንባ እስኪያመጣ ሳቁ፤ ከዚያም ትንሽ እውነተኛ እንባ ተቀላቀለበት። ለመነሣት የእትዬ መርፌን ትከሻ ተደግፈው ቀና ሲሉ ነው ሁለቱም ቁራጭን ያዩዋት። የቀሚሷን ጫፍ በእጇ ሰብስባ በሩ ላይ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላወቁም፤ ከፊቷ ግን መስማቷ ያስታውቃል።

«ሁሉንም ነው ያላየሽው?» አለች።

«ሁሉንም፣ ልጄ።»

«መርከብ የሰጠመበትንም? ወንድሙን ገበያ ላይ ያገኘበትንም?»

«እነሱንም።»

ሲስተር ነገሩ የሳቸው እንዳልሆነ ገብቷቸው ወደ ውስጥ ገቡ። አኮርዲዮኑን ከመጀመሪያው ጀምረህ ምታው፣ እኔም ቦታዬ ልቀመጥ ሲሉ ድምፃቸው እስከ ደረጃው ተሰማ። እትዬ መርፌ ልጇን ቀና ብላ ማየት አቃታት። ሁሉን ነገር በእጇ መሥራት የለመደች ሴት ስለሆነች ጎንበስ ብላ የቀሚሱን ጫፍ ማራገፍ ጀመረች፣ አቧራ ባይነካውም። 

«ትምህርት ቤት ለጓደኞቼ ስነግራቸው አንዳቸውም አላየነውም ይሉኝ ነበር» አለች ቁራጭ። «ሲኒማ የሚወስዳቸው ሰው የላቸውም ብዬ አዝንላቸው ነበር።»

እትዬ መርፌ ጫፉን ማራገፏን ቀጠለች።

«እማ፣ እነዚያን ፊልሞች በዓለም ላይ ያየሁት እኔ ብቻ ነኛ።»

እናት ቀና አለች። ልጇ እያለቀሰች ነበር፣ የተቆጣ ሰው ለቅሶ ግን አልነበረም። ቁራጭ የቀሚሷን ጫፍ ለቃ እናቷ ፊት ደረጃው ላይ ተንበረከከች፣ ያ የተደከመበት ነጭ ጨርቅ መሬት ላይ ተዘረጋ።

«እግዜር ይስጥሽ» አለቻት። «ለኔ ብቻ ይህን ሁሉ ስለሠራሽ እግዜር ይስጥሽ።»

እትዬ መርፌ ልጇን ከመሬት አነሣቻት፣ የቀሚሷን አቧራ፣ አሁን የእውነት የነካውን፣ አራገፈችላት። ከዚያ ፊታቸውን ጠርገው እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ።